ቀበቶው ያልተዛነፈ ዓሣ

በሰፈሩ እትዬ ጨውን የማያውቅ የለም። ስሙን ያወጣላት የገዛ ባሏ ነው። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ «የሚስቴ ባልዲ ተሸካሚ ነኝ» እያለ የሚያላግጥ፣ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ቀና የሆነ ነው። «የሌላው ሰው ሚስት ጨው ምግብ ላይ ትነሰንሳለች፤ የኔዋ ባሕር ትበጠብጥበታለች» ይላል ለጎረቤት። ሲብስበትም፣ «ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሚስቴ ሙያ ኖሯል!»

ሐሰትም የለበት። እትዬ ጨው ጠዋት ሱቋን ስትከፍት የመጀመሪያ ሥራዋ የተጣራ ውሃ በሰማያዊ በርሜል ሞልታ፣ ጨው መዝና ጨምራ፣ እስኪሟሟ ማማሰል ነው። ከዚያ አንዲት ጠብታ የጨው መለኪያዋ ላይ ታደርግና ወደ ብርሃን ዞራ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታያለች። ልክ ከሆነ «እሰይ» ትላለች። ካልሆነ ዝም። ባሏ ያ ቀን እንዴት እንደሚውል የሚያውቀው በዚህ ነው።

ሱቋ ከአንድ ሕንፃ ሥር፣ በፀጉር አስተካካይና በጫማ አዳሽ መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ቤት ናት። የመስታወት ገንዳዎቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። በሰማያዊ መብራት ሥር ኮራሎቹ፣ እነዚያ ዓለት ላይ ተጣብቀው የሚያድጉ የባሕር ፍጥረቶች፣ ሐምራዊና አረንጓዴ ሆነው ያበራሉ፤ አንዳንዱ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ይመስላል፣ አንዳንዱ ነፋስ የሚያወዛውዘው ሣር። ኮራሎቹን የምታባዛው ራሷ ናት። ከእናቲቱ ላይ በቀጭን መጋዝ የጥፍር ታህል ትቆርጥና ክብ የሸክላ ቁራጭ ላይ በማጣበቂያ ትተክላታለች። ችግኝ ትላታለች። ችግኟ ቆዳዋን ዘርግታ የሸክላውን ጠርዝ እስክታለብስ ድረስ ደንበኛ ቢለምን ቢያለቅስ አትሸጥም። «ገና ሥር አልያዘችም» ትላለች፤ አለቀ።

ዓሦቹን ግን እሷ አታራባም። የሚያራባላት ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር፣ ድሮ ዋና ያስተምር የነበረ ሰው ነው። የተዋወቁት ከብዙ ዓመት በፊት ጨው ሊገዛ መጥቶ ሱቋ ውስጥ ስቅስቅ ብሎ ያለቀሰ ቀን ነው። በልብስ ማጠቢያ ሳፋ የፈለፈላቸው የዓሣ ጫጩቶች በአንድ ጀንበር አልቀውበት ነበር። መጀመሪያ ሳቀችበት፣ ከዚያ አዘነችለት፣ ከዚያ ሱቋን ዘግታ ሳፋውን ልታይ አብራው ሄደች። ከዚያ ወዲያ «ወንድሜ»፣ «እህቴ» ሆኑ። እሱ «ቤቴ የተወለደ ነው» ካለ ተወለደ ማለት ነው። ጠይቃው አታውቅም።

ነገሩን እንዲህ አጥብቃ የያዘችው በምክንያት ነው። በወጣትነቷ ከባሕር የተያዘ ዓሣ በሚሸጥ ትልቅ መደብር ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። ዓሣ የመጣበት ካርቶን ሲከፈት ገሚሱ ሆዱን ወደ ላይ ሰቅሎ ይገኛል። የተረፈውም ቢሆን ከዓለት ስንጥቅ መርዝ ረጭተው፣ አደንዝዘው ያወጡት ነው፤ ላዩ ያምራል፣ ውስጡ ተቃጥሏል። ሰው በደስታ ገዝቶ ይሄድና ሳይቆይ ሬሳውን በብርጭቆ ይዞ ይመለሳል። አለቃዋም፣ «ምግብ አብዝታችሁበት ነው» ይላል ዓይኑን ሳያሽ። ሰምታ ሰምታ ሲያንገሸግሻት ወጣች። የራሷን ሱቅ ስትከፍት የመስታወት በሯ ላይ እንዲህ አስጻፈች፦ «እዚህ ያለ ሁሉ ቤት የተወለደ ነው። ከባሕር የተነጠቀ የለም።» ደንበኛ የሚመጣው ይህን አይቶ ነው። ይህ ቃል ከወደቀ ሱቋም የለችም፤ በከተማው ርካሽና የሚያማምር ዓሣ የሚሸጥ ሞልቷል።

ታዲያ በቅርቡ አንዲት የልጆች ጥርስ ሐኪም መጣች። በሽተኞቿ ወረፋ ሲጠብቁ ፍርሃታቸውን የሚረሱበት ገንዳ እንዲሠራላት ፈለገች። እትዬ ጨው ገንዳውን ተከለች፣ ኮራሎቹን ደረደረች፣ ውሃው እስኪረጋ ጠበቀች። ሐኪሟ የበሩን ጽሑፍ ስለወደደችው ከገንዳው በላይ ግድግዳው ላይ በትልልቅ ባለቀለም ፊደል አጻፈችው። «ብቻ ሁለት ተለቅ ተለቅ ያሉ ዓሦች ይኑሩበት፤ ልጆቹ ከወንበራቸው ሆነው እንዲያዩዋቸው» አለች። ገንዳው የሚመረቅበት ቀን ተቆረጠ፤ ወላጆች ተጠሩ። እትዬ ጨውም ለአርቢው ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሚስቱ ነበረች። «እነግረዋለሁ» አለች።

ካርቶኑ በአውቶቡስ ተጭኖ በጠዋት ደረሰ። እትዬ ጨው ክዳኑን ስታነሳ መጀመሪያ ያየችው ቋጠሮውን ነው። አርቢው የላስቲኩን አንገት ጠምዞ፣ አጥፎ፣ እንደገና ጠምዞ ነው የሚያስረው፤ እንደ ልጅ ሹሩባ። የዛሬው ግን ዝም ብሎ በላስቲክ ማሰሪያ የተጠፈረ ነው። «ቸኩሎ ይሆናል» አለች ለራሷ።

ዓሦቹን ሱቁ ጓዳ ወዳለው ማቆያ ገንዳ አስገባቻቸው፤ አዲስ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ነው የሚቆየው። ሁሉም ሰው «ቀልደኛ» የሚላቸው ብርቱካንማ፣ ባለ ነጭ ቀበቶ ዓሦች ናቸው። ከትእዛዙ ጋር የመጡት ትንንሾቹ፣ የጥፍር ታህል የሆኑት፣ ጥላዋን ሲያዩ ተንጋግተው ወደ መስታወቱ መጡ። የሰው እጅ ያሳደገው ዓሣ እንዲህ ነው፤ ሰው ማለት ለሱ ምግብ ማለት ነው። ሁለቱ ትልልቆች ግን ጥላዋን ባዩ ጊዜ ጥግ ያለው ቱቦ ውስጥ ሽው ብለው ገቡ።

ደረቅ ምግብ በተነች። ትንንሾቹ ተሻሙ። ትልልቆቹ ዞር ብለውም አላዩት። በነጭ ሽንኩርት ውሃ ነክራ ሞከረች፤ እሺ አላሉም። በመጨረሻ በሕይወት ያሉ፣ የሚርመሰመሱ ደቃቅ የባሕር ነፍሳት ስትለቅባቸው ግን ተወርውረው ያዟቸው። ማደን ያውቃሉ።

ቁጢጥ ብላ በደንብ አየቻቸው። እንዴት ያምራሉ! ነጩ ቀበቷቸው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። የወንድሟን ዓሦች ስንት ዓመት ታውቃቸዋለች፤ አንዱ ቀበቶው ወገቡ ላይ ይቆረጣል፣ ሌላው ይዛነፋል፣ ሳፋ ውስጥ ያደገ ነገር አንድ እንከን አያጣም። እነዚህ ምንም እንከን የላቸውም። የአንዷ ክንፍ ጫፍ ደግሞ መረብ የተለተለው ይመስል ተሰንጥቋል። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ደግማ አየቻቸው።

«ምን ሆነሽ ነው መስታወት ላይ የተለጠፍሽው?» አለ ባሏ ባልዲ ይዞ ሲገባ።

«እነዚህ የሱ አይደሉም።»

«የማን ናቸው ታዲያ? የጎረቤት?»

«አትቀልድ። የባሕር ናቸው።»

ባልዲውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ። አንቺ ሴት፣ ሰውዬው ወንድምሽ ነው።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉም አሉ።»

«እሱማ አሉ። አባባል ለሁሉም ወገን ጠበቃ ይቆማል።» ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «እኔ እንጃ። ለኔ ሁሉም ዓሣ ናቸው። ደውይለት፤ ሰው በጥርጣሬ ብቻ አይሰቀልም።»

ደወለች። ሚስቱ አነሳች። «ተኝቷል እትዬ።» በጠራራ ፀሐይ! ከሰዓት በኋላ ደግማ ደወለች። «ወጣ ብሏል።» ድምጿ ተጣድፎ ነበር። በማግሥቱ ጭራሽ የሚያነሳ ጠፋ። እትዬ ጨው ጨው እየመዘነች ቁጥሩ ይጠፋባታል፤ መለኪያውን ወደ ብርሃን ይዛ ሳታነበው ታወርደዋለች። ጫማ አዳሹ ሰላም ሲላት «አልመጡም» ብላ መለሰችለት። ሰውዬው እነማን እንደሆኑ ለመጠየቅ ፈርቶ መዶሻውን አነሳ።

የከፋው ነገር ሁለት ልብ መሆኗ ነው። ጠይቃው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ የዚያን ሁሉ ዓመት ወንድምነት በአንድ ቃል አቆሰለችው ማለት ነው። ሳትጠይቅ ብታልፈው ደግሞ ሐኪሟ ግድግዳ ላይ ውሸት ተጽፎ ሊኖር ነው፤ ያውም ማንበብ በሚማሩ ልጆች ፊት። ባሕር ደግሞ አይመሰክር። ዓሣ አይናገር። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። የሚያስፈራትም ይኸው ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ሐኪሟ ናት። «እትዬ፣ ደረሱ አይደል? ልጆቹ እኮ ከአሁኑ ስም እያወጡላቸው ነው! አንዱ ሕፃን ተለቅ ያለውን “ዳይሬክተር” እንበለው ብሏል።»

«ደርሰዋል ዶክተር። ግን... ትንሽ ላያቸው ብዬ ነው።»

«ታመሙ እንዴ?»

«አይ፣ ደህና ናቸው። በጣም ደህና ናቸው።» ስልኩን ዘግታ ወደ ጓዳው ተመለሰች።

ባሏ የአሮጌ መኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «ተነሽ፣ እንሂድ። ሳንሄድ ከቀረን እኔንም እንደ ዓሣው ጥግ ልታስገቢኝ ነው።»

ሁለቱን ዓሦች በላስቲክ አሽጋ፣ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ባሏ ጉድጓድ ባየ ቁጥር መኪናውን እንደ አራስ ያሳልፈዋል። «አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭኜ እንዲህ አልተጠነቀቅኩም» አለ። አልሳቀችም። የምትለውን በልቧ ስታሰናዳ፣ ስታፈርስ፣ እንደገና ስታሰናዳ መንገዱ አለቀ።

የአርቢው ቤት በስተጀርባው ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም መጋዘን አለው፤ ዓሣ የሚፈለፈለው እዚያ ነው። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ። ካርቶኑን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እትዬ... ግቡ።»

«ወንድሜ የታለ?»

«አለ። ቆይ መጀመሪያ ልንገርዎት።» እጅጌዋን ይዛ ወደ መጋዘኑ ሳበቻት። ገንዳዎቹ ገሚሳቸው ባዶ ናቸው፤ ገሚሳቸው የደፈረሱ። «ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ሰንብቷል። አንድ ጠዋት ምግብ ሊያበላ ጎንበስ ባለበት ወደቀ። ሐኪም ይሻለዋል ይላል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው። ለሰው እንዳትናገሪ አለኝ። ደንበኛ ከሰማ ይሸሻል ብሎ።»

«ለእኔም?»

«ለእርስዎማ ከሁሉ በላይ! “እህቴ ከሰማች ሱቋን ዘግታ እዚህ ትመጣለች” ነው ያለው።» ሴትዮዋ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «ትንንሾቹን እኔ ነኝ ያሳደግኳቸው፤ እሱ ከአልጋው እየነገረኝ። እነሱ የኛ ናቸው፣ እውነቴን ነው። ትልልቅ ግን አልነበረንም። እርስዎ ሲደውሉ የለም ብል “ምነው?” ብለው ይመጣሉ፣ ጉዳችን ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ከወደብ ዓሣ የሚያመጣ ነጋዴ ጋ ሄድኩና... ሁለት አይደሉ፣ ማን ያውቃል ብዬ።»

እትዬ ጨው የተሰናዳችበት ሁሉ ጠፋባት። ትክክል ነበረች። ትክክል መሆኗ ግን እንደ ድንጋይ ከበዳት። ልትቆጣ አፏን ከፍታ የሴትዮዋን እጅ አየች፤ ጨው ውሃ የላጠው፣ ጣቶቹ መካከል የተሰነጣጠቀ። የራሷ እጅ ነው የሚመስለው።

«እሱ ያውቃል?»

«ኧረ! ካወቀ ይሞትብኛል።»

«አይሞትም» አለች እትዬ ጨው፤ ይሙት አይሙት ግን አላወቀችም። «ቃሉ የኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። የሱም ነው እኮ።»

አርቢው መስኮት ሥር ባለ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ያ ሰፊ ትከሻው ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። ሲያያት ግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ። «እ...ህቴ» አለ፤ ቃሉ እየተንከባለለ ነው የሚወጣለት። ከዚያ ደህና ነሽ ወይ እንኳ ሳይል፣ «ዓሦቹ እንዴት ገቡ?»

ሚስቱ ከእትዬ ጨው ኋላ ትንፋሿን ዋጠች። የእትዬ ጨው ባልም በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በጣቱ ያሽከረክራል፤ ላንዴው እንኳ ቀልድ አልመጣለትም።

«ትንንሾቹ ሲሻሙ ብታይ!» አለች እትዬ ጨው አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠች። «ጎበዝ እጅ ነው ያሳደጋቸው። ትልልቆቹን ግን መልሼ አምጥቻቸዋለሁ። የኛ አይደሉም።»

አርቢው ሚስቱን አያት። ረጅም ጊዜ አያት። ዓይኖቿ ሲሞሉ ሁሉንም አነበበው። እትዬ ጨው አሁን አንድ ነገር ይሆናል፣ ወይ ይጮኻል፣ ወይ ደግሞ ይወድቅብናል እያለች ደህናውን እጁን ግጥም አድርጋ ይዛለች።

«ሴ...ቷ» አለ በመጨረሻ። «ሴቷ ጤነኛ ናት?»

«ምን?»

«ክንፏ... ተሰንጥቋል አልሽ?»

«አላልኩም! እንዴት አወቅክ?»

«መረብ ነዋ። ሁሌ... እንደዚያ ናቸው።» ትንፋሽ ወሰደ። «አሮጌዎቹ እናትና አባት... እንቁላል አቁመዋል። የመጀመሪያዎቹም እኮ... ከሰማይ አልወረዱም፤ ከባሕር ነው ያመጣኋቸው። እነዚህ ለመሸጥ አይሆኑም። ለወላጅነት... ይሁኑ። እዚሁ ይቅሩ።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሊቆጣ ፈልጎ ቃሉ አልታዘዝ አለው። «አንቺ...» አለና፣ ተወው፣ «ቋጠሮ... እንኳ አላስተማርኩሽም።» ሴትዮዋ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ወጣች።

የቀረችው ሐኪሟ ናት። እትዬ ጨው ስልኳን ይዛ ግቢው መሃል ቆመች። ለመደወል ጣቷን ታዘጋጃለች፣ ታወርዳለች። ባሏ ከመጋዘኑ በር ላይ፣ «ውሃው ሳይቀዘቅዝ ግቢበት እንጂ» አላት።

ደወለች። ሁሉንም ነገረቻት፤ የሰውን ሕመም ለሰው መናገር ቢከብዳትም ሳይነገር የሚገባ ነገር አልነበረም። ሐኪሟ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ ድምጿ ተቀየረ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ የእርስዎን ቃል ይዤ ነው ግድግዳ ላይ የጻፍኩት። ወላጆች ጠርቻለሁ።»

«አውቃለሁ ዶክተር።»

«ደግሞ ልጠይቅዎት። ባይጠራጠሩ ኖሮስ?»

እትዬ ጨው የምትለው ብዙ ነበራት፤ ስለ ቀበቶው፣ ስለ ቋጠሮው፣ ስለ ስንት ዓመት ልምዷ። «ባልጠራጠር ኖሮ» አለች፣ «አሁን ገንዳዎ ውስጥ ነበሩ። ጽሑፉም ከበላያቸው።»

ሐኪሟ ግን ሌላ ጠየቀች።

«ትንንሾቹስ?»

«እነሱ የቤት ልጆች ናቸው፤ ለዚህ እምላለሁ። ግን ደቃቅ ናቸው ዶክተር። ከወንበር አይታዩም፤ ተጠግቶ አፍንጫን መስታወት ላይ መለጠፍ ነው።»

«እሱስ ይሁን። ተነስተው ይዩ።» ሐኪሟ ተነፈሰች። «ጽሑፉን አላወርድም። ነገር ግን ከዚህ በኋላ በቃል ብቻ አልቀበልዎትም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዓሦቹ የሚወለዱበትን ቤት በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ነገ እመጣለሁ፤ አድራሻውን ይላኩልኝ።»

እትዬ ጨው «እሺ» አለች። ቃሏ ለስንት ዓመት ያለ ምስክር ቆሞ ነበር፤ ከዛሬ ወዲያ ምስክር ይጠራበታል። ልትቆጣም አልቻለችም፤ እሷም ብትሆን እንዲሁ ታደርግ ነበር።

ተመልሳ ስትነግራቸው ሚስቲቱ ደረቷን ደቃች። «ነገ? እንዲህ ሆኖ ሰው ይየው? መጋዘኑ እንዲህ ሆኖ? እትዬ፣ አይምጪ ይበሏት! አርቢው የለም ይሉና ያልቅልናል!»

«ያልቅልን ይሆናል» አለች እትዬ ጨው እጅጌዋን እየሰበሰበች። «መጥረጊያ የት ነው ያለው?»

ባሏ ቀድሞ ባልዲ አንስቷል። ሦስቱ ገንዳ ለገንዳ ሲሯሯጡ፣ ከአልጋው በኩል ያ የሚንከባለል ድምፅ ተጣራ። እትዬ ጨው እንደገና ሊታመም ነው ብላ እጇን ሳታደርቅ ሮጠች።

«ምን ሆንክ ወንድሜ?»

«ሐኪሟ... የጥርስ ናት አልሽ?»

«አዎ። ምነው?»

ግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ። «ከመጣች አይቀር... ይችን የኋላ ጥርሴንም ትይልኝ።»